አሮጌ ቮልስን በቤት ጋራዥ ማደስ፦ ከወለሉ ይጀምሩ፣ በቀለሙ ይጨርሱ

አሮጌ ቮልስ የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሙያ አንሶት ሳይሆን ቅደም ተከተል ስቶ ነው። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ አዲስ ለብሷል፤ ከዚያ ምንጣፉ ሲነሳ ወለሉ ተበስቶ ይገኛል። ብየዳው ሲጀመር ደግሞ ቀለሙም ወንበሩም ይቃጠላል። ስለዚህ እዚህ የተቀመጠው ቅደም ተከተል ቀልድ አይደለም፦ መጀመሪያ ላሜራና ሻንሲ፣ ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ ሞተርና ኤሌክትሪክ፣ ቀለም በስተመጨረሻ።

ለቤት ሥራ ቮልስን የሚያህል መኪና ማግኘት ይከብዳል። ቦዲው ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በብየዳ ሳይሆን በብሎን ነው። ሞተሩ የተሰቀለው በአራት ብሎን ብቻ ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለተሠሩት 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች ናቸው።

ሳይፈቱ መመርመር

የደነዘዘ ካቻቢቴ፣ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይያዙ። የኋላውን ወንበር ያንሱ፤ የመኪናው ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ በቀኝ በኩል ነው። ለዓመታት የፈሰሰ አሲድ ከሥሩ ያለውን ወለል ስለሚበላው ዝገት መጀመሪያ የሚገኘው እዚህ ነው። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ዙሪያውን በካቻቢቴው ጫፍ ይውጉት። ጤነኛ ላሜራ ጠንካራ ድምፅ ያሰማል፤ የበሰበሰው እንደ ካርቶን ይደፈነቃል ወይም ይበሳል። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው በግራና በቀኝ ከበሮቹ ሥር የሚሄደው ሳጥን መሰል ላሜራ ነው። ከሞተሩ የሚመጣው የማሞቂያ አየር የሚያልፈው በውስጡ ነው፤ ስለዚህ የማሞቂያ ቦይ እንበለው። የቦዲውን ክብደት ተሸክሞ በሩን በቦታው የሚያቆመውም እሱ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ በሩን ዘግተው በዙሪያው ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፣ ከዚያ መኪናውን በጎኑ ባለው የክሪክ መግቢያ ቀስ ብለው ያንሱት። ክፍተቱ ከተቀየረ ወይም በሩ ለመከፈት ከታገለ ቦይው ሞቷል። ክሪኩ ላሜራውን በስቶ ከገባ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሞተሩን ሳይፈቱ ስለ ጤናው ብዙ የሚናገር አንድ ቦታ አለ። ከኋላ የታችኛውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ መኪናው ፊትና ወደ ራስዎ ይግፉት፣ ይጎትቱት። ክራንኩ (ፑሌጃው የተያያዘበት የሞተሩ ዋና ዘንግ) በዚህ አቅጣጫ የሚፈቀድለት እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው ገደብ 0.15 ነው። ይህ በዓይን አይታይም፤ በዳያል ጌጅ ይለካል። እጅዎ በግልጽ “ቀጭ” የሚል ምት ከተሰማው ግን ብሎኩ መከፈት አለበት። ካንዴላ ለውጦ፣ ካርቡራተር አጥቦ የሚድን ሞተር አይደለም።

መፍታት ሲጀምሩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹን በየክፍላቸው በከረጢት አድርገው ስም ይጻፉባቸው። የዛገውን ብሎን በግድ ከመስበር በፊት ለአንድ ሌሊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጡት፤ በሚቀጥለው ቀን በትንሽ በትንሹ ወዲያና ወዲህ ያላውሱት።

ወለሉና የማሞቂያ ቦዩ

ይህ የእድሳቱ ልብ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ቀናት ይመድቡ።

ከብየዳ በፊት ባትሪው ይውጣ። የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ እሱም ይውጣ። ታንከሩ መውጣቱ ግን አይበቃም፦ የቤንዚን ቱቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው በወለሉ መሃል ባለው ቱነል ውስጥ ነው፤ እርስዎ የሚበይዱት ደግሞ የቱነሉን ከንፈር (ወለሉ የሚያርፍበትን ጠርዝ) ነው። ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉ፣ በውሃ ያጥቡ፣ በአየር ይንፉ። የፍሪሲዮንና የቤንዚን መስጫ ገመዶች ቱቦዎችም እዚያው ስለሆኑ በመሰርሰሪያ ሲሠሩ ጥልቀቱን ይጠንቀቁ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስተው ከሥሩ አይግቡ። አራት ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) በጠንካራ ደረቅ መሬት ላይ፣ ሁለቱን ከፊት አክሰል ሥር፣ ሁለቱን ከኋላ በቶርሽን ቱቦው (የኋላው የሞላ ዘንግ በሚያልፍበት አግድም ቱቦ) ሥር ያድርጉ። በበሰበሰው ወለል ሥር ካቫሌቶ አይቆምም።

አሁን የሚቆርጡት ቦይ ቦዲውን ያቆመው ስለሆነ ከመቁረጥዎ በፊት ቦዲው ምርኩዝ ያስፈልገዋል። ከ25 በ25 ሚሊ ሜትር የካሬ ቱቦ ለእያንዳንዱ የበር ክፍተት ከፊት ማጠፊያ አካባቢ እስከ ኋላ ቁልፉ አካባቢ አግድም፣ አንድ ደግሞ በሰያፍ ይበይዱ። ከግራ በር ወደ ቀኝ በርም አንድ ያሻግሩ። የበሩን ክፍተት በላይ፣ በታችና በሁለቱም ጎን ለክተው ግድግዳ ላይ ይጻፉት። ሁለቱን ጎን አንድ ላይ አይቁረጡ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ይህን የዘለለ ሰው በመጨረሻ በሩ በክርን ካልተገፋ የማይዘጋ መኪና ይዞ ይቀራል፤ ያንን ለማቅናት ደግሞ እንደገና መቁረጥ ነው።

ቦዲውን ከወለሉ ጋር የያዙት ብሎኖች በአብዛኛው የ13 ቁልፍ ናቸው፤ ከፊት አክሰሉ ላይና ከኋላ ያሉት ጥቂት ትልልቆቹ የ17 ናቸው። እነሱን ፈተው የአንዱን ጎን ወለል ያውጡ። ወለሉ ከቱነሉ ጋር የተያያዘባቸውን የነጥብ ብየዳዎች በ8 ሚሊ ሜትር የነጥብ ብየዳ መሰርሰሪያ አንድ በአንድ ያውጡ፤ መሰርሰሪያው የላይኛውን ላሜራ አልፎ የታችኛውን ከንፈር እንዳይበሳ። በግራይንደር መቁረጥ ይፈጥናል፤ ግን ከንፈሩን ከቆረጡት አዲሱ ወለል የሚያርፍበት ያጣል።

አዲሱን የማሞቂያ ቦይ ከአሮጌው ወይም ከአዲሱ ወለል ጋር በብሎን ላላ አድርገው ያስሩት፤ መሃላቸው የሚገባውን የጎማ ማሸጊያም ያስቀምጡ፣ ውፍረቱ የቦዲውን ከፍታ ስለሚቀይር። በሩን ይስቀሉ፣ ይዝጉ፣ ግድግዳ ላይ ከጻፉት ልክ ጋር ያስተያዩ። ልኩ ሲገጥም ብቻ ቦዩን በነጥብ ይያዙት፤ እንደገና በሩን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ይለኩ። ሙሉ ብየዳ ከዚህ በኋላ ነው። ከብየዳው በፊት ማሸጊያውን ማውጣት አይርሱ፤ በቦታው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሮንዴላ ያስገቡ።

ለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ላሜራ ሚግ ብየዳ በ0.6 ወይም በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይመረጣል። የወለሉን ጠርዝ በየ3 እና 4 ሳንቲ ሜትሩ በ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱት፤ ሁለቱ ላሜራዎች የሚነካኩበትን ፊት በዚንክ ፕራይመር ይቀቡ፤ በፒንሳ አጣብቀው ቀዳዳዎቹን በብየዳ ይሙሉ። ብየዳውን ከመሃል ይጀምሩ፤ እሳቱ መነሳት ያለበት ከታችኛው ላሜራ ነው፤ አለበለዚያ ከላይ ጉብ ብሎ የሚያምር፣ ከሥር ግን ያልያዘ ብየዳ ይሆናል። ጫፍ ለጫፍ በሚገጣጠም ቦታ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር በይደው ወደ ሌላው ጫፍ ይሻገሩ፤ በአንድ መስመር ተጎትቶ የተበየደ ላሜራ እንደ ማዕበል ይጣመማል። ብየዳ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጋራዡን ለቀው አይሂዱ፤ እሳት በምንጣፍ ቅሪት ውስጥ አድብቶ የሚነሳው ያኔ ነው።

ሲያልቅ ዝገት የቀረበትን ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማጥፊያ ያክሙ፤ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በመገጣጠሚያው ላይ ማሸጊያ ማስቲክ፣ ከሥር የሻንሲ ቀለም ይከተላሉ። ቦዩ ውስጥ ግን ዘይት ያለው የዝገት መከላከያ አይርጩ፤ ሞቃቱ አየር በዚያ አልፎ ወደ ሰው አፍንጫ ይመጣል። ከመበየዱ በፊት ውስጡን በዚንክ ፕራይመር መቀባት ይሻላል።

ባትሪውን ሲመልሱ ክዳኑ እንዳይጎድል። የኋላ ወንበሩ ሞላ ከብረት ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው የባትሪውን ጫፍ ከነካ ወንበሩ ይቀጣጠላል።

ፍሬን

የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ይህ ሥራ ከቀለም በፊት የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዓመታት የቆመ መኪና ፍሬን አይጠገንም፣ ይለወጣል፦ ማስተር ሲሊንደር፣ አራቱ የጎማ ሲሊንደሮች፣ አራቱ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ የዛጉት የብረት ቱቦዎች። አሮጌ ተጣጣፊ ቱቦ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ዘይቱ በግፊት ይገባና መመለስ ያቅተዋል፤ አንዱ ጎማ ታስሮ ይቀራል።

የኋላው ታምቡር በ36 ቁልፍ ዳዶ ተይዟል። መኪናው በጎማው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በረጅም ዘንግ ይፈታ፤ በካቫሌቶ ላይ ሆኖ በዚያ ጉልበት መታገል መኪናውን ይጥለዋል። ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ፒን) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ያጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አይመልሱ። የላላ ዳዶ የታምቡሩን ጥርስ በልቶ ጎማውን ከአክሰሉ ነጻ ያደርገዋል። የፊተኛው ግራ ጎማ የኩሽኔታ ዳዶ ደግሞ ክሩ የተገላበጠ ነው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድም የሚወጣው በዚያው ግራ ጎማ መሃል ስለሆነ ክሊፑን ሳያወጡ ክዳኑን አይጎትቱ።

ፔዳሉን ከማስተር ሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከፒስቶኑ ጋር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው። ክፍተት ከሌለ ዘይቱ ሲሞቅ መመለሻ ያጣል፤ መኪናው በሄደ ቁጥር ፍሬኑ ራሱን እየያዘ በመጨረሻ ይቆልፋል። አየር ሲያስወጡ ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው።

ሞተር

ሞተሩን ለማውጣት የአየር ማጣሪያውን፣ የቤንዚን መስጫውን ገመድ፣ የዲናሞና የኮይል ሽቦዎችን፣ የማሞቂያ ገመዶችንና ቱቦዎችን ይንቀሉ፤ የቤንዚን ቱቦውን ይድፈኑ። ክሪክ ከሥር አድርገው አራቱን የ17 ብሎንና ዳዶ ይፍቱ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። የሞተሩ ክብደት በካምቢዮው ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል፤ የፍሪሲዮን ዲስክ የሚጣመመው እንዲህ ነው።

ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን የከበቡት ላሜራዎች ጌጥ አይደሉም። በሞተሩና በቦዲው መካከል ያለው ዙሪያ ጎሚኒ ከተቀደደ ከሥር የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል። እያንዳንዱን የጎደለ ላሜራና ጎሚኒ ሳይመልሱ ሞተር አያስነሱ። ሦስተኛው ሲሊንደር በተለይ በቀድሞዎቹ ሞተሮች ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያውን አየር ስለሚሻማው ነው።

የማሞቂያ ሣጥኖቹንም ይመልከቱ። የጭስ ቱቦው በውስጣቸው ስለሚያልፍ ከተበሱ መርዛማው ጭስ ከማሞቂያው አየር ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል፤ የተበሳ ሣጥን በማስቲክ አይደፈንም፣ ይለወጣል።

ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ማታ ቆሞ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ክፍተቱ ለሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው።

1. የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱ። ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው ክፍል) በዲስትሪቢዩተሩ አፍ ጠርዝ ላይ ወዳለው ጭረት ሲያመለክት፣ የፑሌጃው ምልክትም ከብሎኩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አንደኛው ሲሊንደር ላይ ነዎት። እሱ በቀኝ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው፣ ሦስተኛው በግራ ከፊት፣ አራተኛው በግራ ከኋላ።
2. የቫልቭ ክዳኑን አንስተው ቫልቩን በሚገፋው ብሎን ላይ ያለውን የ13 ዳዶ ያላሉ፤ ብሎኑን በካቻቢቴ ያዙሩ። የ0.15 ፊለር ጌጅ ቅጠል ሲገባ ትንሽ ይያዝ፣ ሲጎተት ግን ይምጣ፤ በሁለት ወረቀቶች መሃል እንደሚጎተት ምላጭ። 0.20 ቅጠል ሊገባ አይገባም።
3. ብሎኑን በካቻቢቴ ይዘው ዳዶውን ያጥብቁ፤ እንደገና ይለኩ፤ በማጥበቅ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይንቀሳቀሳል።
4. ፑሌጃውን ከሰዓት ተቃራኒ ግማሽ ዙር ያዙሩ፤ ሁለተኛው። እንደገና ግማሽ፣ ሦስተኛው። እንደገና፣ አራተኛው።

የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተራ በተራ ይመጣሉ። የጠበበ ቫልቭ አይንኳኳም፣ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ግን ቫልቩ እየተቃጠለ መሆኑን ሊሸፍን ይችላል። የሚንኳኳው የሰፋው ነው፤ እሱ ያን ያህል አይጎዳም። የፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ይሁን።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው። የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥር በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘ ወንፊት አለ፤ በየዘይት ለውጡ ይታጠባል። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ዘይት ሲያንጠባጥብ ይበልጥ ማጥበቅ ብሎኑን ከብሎኩ ይነቅለዋል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያረጀ ጓርኒሲዮን ወይም የመዳብ ሮንዴላ ነው።

የዲናሞው ቺንጋ በአውራ ጣት ሲገፋ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። የሚጠብቀው በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ሮንዴላዎች በመቀነስ ነው፤ የወጡትን ከዳዶው ሥር ያስቀምጧቸው፣ ለሚቀጥለው ቺንጋ ያስፈልጋሉ። ቺንጋው የሚያዞረው ዲናሞውን ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውንም ነው። ክሩስኮቱ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት በመንገድ ላይ ከበራ ቦታ ሳይመርጡ ያቁሙ።

ቮልስ በብዛት የሚቃጠለው በቤንዚን ቱቦ ነው። ሁሉንም የጎማ ቱቦዎች ይለውጡ፣ ጫፋቸውን በክላምፕ ያጥብቁ። ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የናስ ቱቦ በጣትዎ ያዙሯት፤ ከተንቀሳቀሰች እየሄዱ ትወልቅና ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል። የቤንዚን ማጣሪያም በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከታንከሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ማሻሻል

በብዙ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠሩት 6 ቮልት ናቸው። ወደ 12 መቀየር መልካም ነው፤ ባትሪ፣ ኮይል፣ አምፖሎች፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ ዲናሞና መቆጣጠሪያው ሁሉ ይለወጣሉ። የቆየው ሞተሪኖ በ12 ቮልት ያዞራል፣ ግን የፍላይዊሉን ጥርስ ይመታል። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109 ጥርስ፣ የ12ቱ 130 ነው፤ መቀላቀል አይቻልም።

ፑንቲናን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ መተካት አነስተኛ ሥራ ሆኖ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል። ሞተሩን ከማሳደግ በፊት ግን የፊት ዲስክ ፍሬን ይግባ፤ ጉልበት የጨመረ መኪና መቆም የማይችል ከሆነ ማሻሻል አይባልም። መኪናውን ዝቅ ሲያደርጉ አጭር ሾክ አብዞርበር ካልገጠሙ የቆየው ታችኛው ጫፍ ላይ ይመታና ይሰበራል። የሞተር ክዳኑን የአየር ቀዳዳ በላሜራ መድፈን ለዓይን ያምራል፤ ሞተሩን ግን ያንቀዋል።

ቀለም

አሮጌውን ቀለም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያውርዱ፣ የሻከረውን በ180 ያለስልሱ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀቡ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ የሚሻ ጎድጓዳ ካለ ላሜራው ገና አልተቃናም። ቀጥሎ በ320፣ ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት በ600 ይስሩ። ሁለት ክፍል ያለው ቀለም ማጠንከሪያው ኢሶሳያኔት ይዟል፤ ተራ የአቧራ ጭምብል አይከላከለውም፣ የተሳሳተ ማጣሪያም እንደዚሁ። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ጭምብል ከሌለዎት ይህን ቀለም በቤት አይርጩ፤ የላሜራውን ዝግጅት ራስዎ ጨርሰው ርጭቱን ለቀለም ቤት ይስጡ።

ሲነዱ

የመጀመሪያውን ዙር አጭር ያድርጉት። ሲመለሱ ታምቡሮቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የ36ቱን ዳዶ ኮፒሊያውን አውጥተው በቶርክ ሬንች እንደገና ይፈትሹ፤ የጎማ ብሎኖችንም እንዲሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ይለውጡ፣ ወንፊቱን አውጥተው ያዩት፤ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት ቅንጣት ካለ የሞተሩ ኩሽኔታ እየተበላ ነው። በዚያው ቀን፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ቫልቮቹን ዳግመኛ ይለኩ።